እርማቱ በእግሩ ነው የሚመጣው?

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ውስጥ ነው። አማኑኤል ከተማ፣ ከዋናው አስፋልት ዳር ካለች አንዲት ዲኤስቲቪ ቤት በራፍ ላይ የቀድሞ ተማሪዬን አገኘሁት። ቀይ የሊቨርፑል መለያ ለብሷል፤ ደብረ ማርቆስ ገበያ የተገዛ፣ ሁለት ጊዜ ሲታጠብ ቀለሙ የሚለቅ ዓይነት ነው። ወደ ውስጥ ሊገባ ዞር ሲል ከማጅራቱ በታች 97 የሚል ቁጥር አየሁ።

«ይህ ቁጥር ምንድን ነው?» አልኩት።

«እኔም ልጠይቅዎት ነበር ቲቸር፤ የምርጫ 97 ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

በዙሪያው የነበሩት ሁሉ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ነገሩ አላስቅ አለኝ። በመለያው ላይ ያለው ቁጥር የሟቾች ቁጥር ነው። ኳስ ለማየት ሄደው ሳይመለሱ የቀሩ 97 ሰዎች ናቸው። በእነሱ ሞት ላይም የአንድ ጋዜጣ አዘጋጅ ስም እስከ ዛሬ ተጣብቆ ይኖራል። የእኛው 97ም ቢሆን ብዙ የጋዜጣ አዘጋጆችን ወደ ወህኒ ሸኝቶ ያለፈ ዓመት ነው። እንግዲህ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጬ ልሟገት።

የምሟገተው ከሁለት ወገን ጋር ነው። አንደኛው ወገን «የግል ጋዜጣ ድሮም ውሸታም ነበር፤ ቢታሰርም ቢዘጋም የእጁን ነው ያገኘው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ጋዜጣው የተበላሸው ስለታሰረ ነው፤ ነፃ ቢለቁት ኖሮ ገበያው ራሱ ያርመው ነበር» ይላል። እነዚህ ሁለት ወገኖች በየቡና ቤቱ ሲከራከሩ ሠላሳ ዓመት አለፋቸው። እኔ ሁለቱንም አላምናቸውም። የማላምንበትን ምክንያት ከለንደን ጀምሬ አማኑኤል ላይ እጨርሳለሁ፤ አንባቢ ይታገሠኝ።

* * *

ከለንደን የምጀምረው ነፃነቱም ገበያውም ሞልቶ የተረፈበት አገር ስለሆነ ነው። ኬልቪን ማኬንዚ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1981 የ«ዘ ሰን» ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ሆኖ ሲሾም ዕድሜው ገና 34 ነበር። የጋዜጣው ባለቤት ሩፐርት መርዶክ ነው። «ዘ ሰን» ገጹ አነስተኛ፣ ርእሱ ግን ግዙፍ የሆነ፣ በቀን ወደ 4 ሚሊዮን ቅጂ የሚሸጥ ጋዜጣ ነበር። ማኬንዚ በትምህርቱ ብዙ የገፋ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው ለነቀፋ አይደለም፤ ኋላ እመለስበታለሁ። ርእስ በመስጠት ግን የሚስተካከለው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1982 በፎክላንድ ጦርነት የእንግሊዝ ሰርጓጅ መርከብ የአርጀንቲናን «ጄኔራል ቤልግራኖ» መርከብ መትታ ስታሰጥም ከ300 በላይ መርከበኞች አለቁ። የ«ዘ ሰን» የመጀመሪያ እትም ርእስ አንዲት ቃል ነበረች፤ ወደ እኛ ቋንቋ ብንመልሳት «ያዝናችሁ!» እንደማለት ናት።

እ.ኤ.አ. በ1987 ጋዜጣው ኤልተን ጆን በተባለው ዝነኛ ዘፋኝ ላይ ፈጽሞ ሐሰት የሆነ የነውር ወሬ አወጣ። ዘፋኙ ከሰሰ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ዓመቱ ሊያልቅ ሲል፣ «ዘ ሰን» 1 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሎ ይቅርታውን በፊት ገጹ ላይ በትላልቅ ፊደላት አተመ። ይህችን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ሁለት ዓመት ያልሞላው ጊዜ፣ 1 ሚሊዮን ፓውንድ፣ የፊት ገጽ።

ከዚያ ይቅርታ በኋላ አምስት ወር ሳይሞላ ሂልስቦሮ ደረሰ። ሚያዝያ 7 ቀን 1981 ዓ.ም. ሼፊልድ በተባለው ከተማ ሊቨርፑልና ኖቲንግሃም ፎረስት ለዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ሊጋጠሙ ሕዝብ ተሰበሰበ። ከውጭ የተጨናነቀውን ሕዝብ ለማስተንፈስ ፖሊስ አንድ ትልቅ በር አስከፈተ፤ ሕዝቡም አስቀድሞ ወደ ሞላው መሐለኛ አጥር ጎረፈ። ፊት የነበሩት ከብረት አጥሩ ጋር ተጣብቀው ትንፋሽ አጥሯቸው ሞቱ። ከሟቾቹ መካከል ትንሹ የ10 ዓመት ልጅ ነበር።

በአራተኛው ቀን «ዘ ሰን» በፊት ገጹ ላይ «እውነቱ» የሚል ርእስ ይዞ ወጣ። ከርእሱ ሥር ሦስት ክስ ተደርድሯል፤ የሊቨርፑል ደጋፊዎች የሟቾችን ኪስ በረበሩ፣ በጀግኖቹ ፖሊሶች ላይ ሸኑ፣ የሰው ነፍስ ለማትረፍ የጎነበሰ ፖሊስ ደበደቡ ይላል። የወሬው ምንጭ ፖሊሶችና አንድ የፓርላማ አባል ነበሩ፤ ወደ ጋዜጣው የደረሰውም በአንድ የዜና ወኪል በኩል ነው። ርእሱ ግን «ፖሊስ እንዲህ ይላል» አላለም፤ «እውነቱ» ነው ያለው። ርእሱን የሰጠው ሪፖርተሩ አይደለም፤ አዘጋጁ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 ጉዳዩን የመረመረው ገለልተኛ ቡድን ያወጣው ሰነድ ያንን «እውነት» ገለባ አደረገው። የፖሊሶች የምስክርነት ቃል 164 ጊዜ መነካካቱ ታወቀ፤ ከእነዚህም በ116ቱ ፖሊስን የሚያስወቅስ ነገር ተፍቆ ነበር። ማኬንዚ በዚያው ቀን ይቅርታ ጠየቀ፤ ጋዜጣውም በማግስቱ «ትክክለኛው እውነት» የሚል ርእስ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሟሟት አጣሪ ችሎት ሟቾቹ በሕገ ወጥ መንገድ እንደተገደሉ፣ ደጋፊዎቹም ምንም ጥፋት እንዳልነበረባቸው አረጋገጠ። ከዚያ ቀን ጉዳት ሳያገግም የኖረው 97ኛው ሰው የሞተው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው።

አሁን አንባቢ በልቡ የያዘውን ያውጣልኝ። ለዘፋኙ ይቅርታው ሁለት ዓመት ሳይሞላ ደረሰ፤ ለሊቨርፑል እናቶች የፊት ገጹ ይቅርታ 23 ዓመት ፈጀ። አዘጋጁ አንድ፣ ጋዜጣው አንድ፣ አገሩ አንድ፣ ሕጉም አንድ ነው። ልዩነቱ ዘፋኙ ጠበቃና ገንዘብ ነበረው፤ እናቶቹ ግን የልጆቻቸው ፎቶግራፍ ብቻ ነበራቸው።

አዘጋጁስ ምን ሆነ? እስከ 1994 እ.ኤ.አ. በወንበሩ ላይ ቆየ። ከዚያም ወደ ቴሌቪዥን ሄደ፤ ቀጥሎም የሬዲዮ ጣቢያ ባለቤት ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ወደዚያው ወደ «ዘ ሰን» በዓምደኛነት ተመለሰ። በዚያው ዓመት በአንድ ግብዣ ላይ ያን ጊዜም አልተጸጸትኩም፣ አሁንም አልጸጸትም የሚል ንግግር ማድረጉ ተዘግቦበታል። ከጋዜጣው የተሰናበተው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ ያም በሌላ፣ እንደገና የሊቨርፑልን ሰዎች ባስቆጣ ጽሑፍ ምክንያት ነበር።

«ገበያው ያርመዋል» የምትለው ወዳጄ፣ ገበያው ማኬንዚን ያረመው የት ላይ ነው? ገበያው እንጀራውን አላቋረጠበትም። የቀጣው አንድ ከተማ ነው። የሊቨርፑል ሕዝብ «ዘ ሰን»ን አልገዛም አለ፤ ይኸው ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ባለሱቆች ከመደርደሪያቸው አወጡት፤ የእግር ኳስ ክለቡም እ.ኤ.አ. በ2017 የጋዜጣውን ሪፖርተሮች ከሜዳው አገደ። ያደረጉት ሌላ ምንም አይደለም፤ ሳንቲማቸውን ኪሳቸው ውስጥ አስቀሩ።

* * *

ወደ አገራችን ስመለስ የአዘጋጅን የሥራ ታሪክ ተገልብጦ አገኘዋለሁ። በለንደን የዋሸው ሰው ዓምድና ሬዲዮ ጣቢያ አገኘ። በአዲስ አበባ በዓሉ ግርማ መጽሔትም ጋዜጣም ያዘጋጀ፣ አዲስ ዘመንንም የመራ ሰው ነበር። በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አሳተመ፤ ልብ ወለዱ ከገበያ ተሰበሰበ፤ እሱም ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥልጣኑ ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። መቃብሩ እስከ ዛሬ አይታወቅም።

ደርግ ወደቀ፤ በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጁ ቁጥር 34 ወጣ፤ ሳንሱርም ቀረ ተባለ። እንደ እንጉዳይ በአንድ ሌሊት የፈሉትን ጋዜጦች የዚያ ዘመን ሰው ያስታውሳቸዋል። በብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ተራ ይጠብቁ ነበር። አዲስ አበባ ላይ መግዛት ያልቻለ አንባቢ ከአዟሪው በሳንቲም ተከራይቶ እዚያው ቆሞ ያነባል። በዚያ ዘመን ሕይወታቸውን ለሙያው የሰጡ አዘጋጆች ነበሩ፤ ወሬ ሸጠው የከበሩም ነበሩ። ታዲያ መንግሥት ሁለቱን ለይቶ አያውቃቸውም ነበር። በክስ መዝገቡ ላይ የሚጠየቀው «የጻፍከው እውነት ነው ወይ?» ከመሆኑ ይልቅ «ማንን አስቆጣህ?» የሚለው ነበር። ኢትዮጵያም ጋዜጠኛን በብዛት በማሰር ከአፍሪካ ግንባር ቀደም ከሆኑት አገሮች ተቆጠረች። ከምርጫ 97 በኋላ፣ በኅዳር 1998 ዓ.ም.፣ እስሩ ጅምላ ሆነ፤ «ምኒልክ»፣ «አስኳል»፣ «ሳተናው» የተባሉት ጋዜጦች ተዘጉ። አሳታሚያቸው ሰርካለም ፋሲል ልጇን የወለደችው እስረኛ ሆና ነው።

ይህ እስር በሁለት መንገድ ገደለን። እውነተኛውን አዘጋጅ ከሥራው ለየው፤ ይህ የታወቀ ነው። ብዙ ያልተነገረለት ሁለተኛው ነው፤ ውሸታሙን አዘጋጅ ጀግና አደረገው። አንዴ ከታሰረ ማን «ያ ዜናህ ሐሰት ነበር» ይለዋል? እስረኛን መውቀስ ከአሳሪው ጋር መተባበር ሆነ። እኛም አንባቢዎቹ ዝም አልን። ስለዚህ «የእጁን ነው ያገኘው» ለሚለው ወገን መልሴ ይህ ነው፤ እስሩ የቀጣው ባለሥልጣን የደፈረውን ነው እንጂ የድሃ ስም ያጠፋውን አይደለም። በእኛ አገር በአንድ ድሃ ዘበኛ ላይ በመዋሸቱ ወህኒ የወረደ አዘጋጅ የምታውቅ አንባቢ ካለህ ንገረኝ፤ እኔ አላውቅም።

አንድ ዘበኛ ግን አውቃለሁ።

* * *

1989 ዓ.ም. ነው። አማኑኤል ውስጥ ወጣት አስተማሪ ነበርኩ። ጋዜጣ ወዳጅ ነኝ። ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ፣ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ በአውቶቡስ ረዳት እጅ የሚመጣውን ጋዜጣ አስፋልት ዳር ቆሜ እጠብቅ ነበር። ወደ ከተማችን የሚመጣው ሦስት ወይም አራት ቅጂ ቢሆን ነው፤ በጸጉር አስተካካዩ ቤት ጮክ ተብሎ ስለሚነበብ ግን ማንበብ የማይችለውም ሳይቀር ያውቀዋል።

በከተማዋ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። የመጋዘኑ ኃላፊም ዘበኛም እንደ መሆን ያሉ አንድ ጎልማሳ ሰው ነበሩ፤ ስማቸውን አልጠራም፤ አንድ ጊዜ ያለ ፈቃዳቸው ተጠርቷልና ይበቃል። አንድ ምሽት ከመጋዘኑ በር ላይ መኪና ቆሞ ከረጢት ሲጫን አየሁ። በማግስቱ ጠላ ቤት ስገባ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል፤ ማዳበሪያው በሌሊት ተሸጠ ይባላል። ገበሬው ዳፕና ዩሪያ በዱቤ ወስዶ በዕዳው እንቅልፍ የሚያጣበት ዘመን ነበርና ወሬው እሳት ሆነ። እኔም ቁጭ ብዬ ለአንድ የአዲስ አበባ ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፍኩ። ያየሁትንና የሰማሁትን ጽፌ «ተብሎ ይወራል፤ ቢጣራ መልካም ነው» ብዬ ዘጋሁ። ይህችን የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር እስከ ዛሬ እንደ ምስክር እጠራታለሁ። ሆኖም እውነቱን ልናገርና፣ ስጽፋት ልቤ የነበረው ጽሑፌ ታትሞ ማየት ላይ ነው።

ታተመ። በፊት ገጽ ነው፤ «በአማኑኤል የገበሬው ማዳበሪያ በሌሊት ተቸበቸበ?» ይላል። የጥያቄ ምልክቷ ከፊደሉ በጣም አንሳ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። የዚያ ዘመን አንባቢ ያችን ምልክት ያውቃታል፤ አዘጋጁ ፍርድ ቤት ሲቀርብ «እኔ ጠየቅሁ እንጂ አልተናገርኩም» የሚልባት መሸሻ ነበረች። ከሥር «ታማኝ ምንጮቻችን ከስፍራው እንዳረጋገጡልን» ይላል። ታማኝ ምንጮቹ እኔ ነኝ፤ አንድ ሰው ሳለሁ ብዙ ተደረግሁ፤ «ይወራል» ያልኩትም «አረጋገጡ» ሆነ። «ቢጣራ» የምትለዋ ቃል የለችም። የኃላፊው ስም ግን ከነአባታቸው አለ።

ጋዜጣው በጸጉር ቤቱ ሲነበብ እዚያው ነበርኩ። ጸሐፊው እኔ መሆኔን ማንም አላወቀም፤ እኔም አልተናገርኩም። ይባስ ብዬ፣ እፍረት ይሁነኝና፣ በሆዴ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሰውየው ከሥራ ታገዱ። ቆጠራ ተደረገ፤ ወራት ፈጀ። ከቆጠራው በኋላ አንድ ከረጢት እንኳ እንዳልጎደለ ታወቀ። የመጋዘኑ ጣሪያ ያፈስ ስለነበር ማዳበሪያው እንዳይሟሟ በጽሑፍ ትእዛዝ ወደ ሌላ መጋዘን ተዛውሮ ኖሯል። መኪናው ቀን የተቸገረ ስለነበር ማምሻውን መጣ፤ ነገሩ ይኸው ነው። ማዛወሪያው ደረሰኝ ሰውየው ኪስ ውስጥ ነበር። አዘጋጁ ቢጠይቃቸው፣ ወይም እኔው የአምስት ደቂቃ መንገድ ሄጄ ብጠይቃቸው፣ አውጥተው ያሳዩ ነበር።

ዓመቱን አስታውሱልኝ። 1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ የተደረገበት ዓመት ነው። በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር የተሾሙ ሰዎች «ቢሮክራሲ» እየተባሉ ከጎረቤታቸው ያነሰ መሬት ይደርሳቸው ነበር። በእንዲህ ያለ ዓመት የሰው ስም ወሬ ብቻ አይደለም፤ ጥማድ መሬት ነው፤ እህል ነው። «ሌባ» የተባለ ሰው በስብሰባ ላይ ተነሥቶ ስለ ራሱ መናገር አይችልም። የሰውየውን ትልቅ ልጅ ሊያጩ ሽማግሌ የላኩ ቤተ ሰቦችም ነበሩ፤ ጋዜጣው ከተነበበ በኋላ ሽማግሌዎቹ አልተመለሱም።

ቆጠራው እንዳለቀ ለጋዜጣው የእርማት ደብዳቤ ጻፍኩ። ሁለት ወር ጠበቅሁ። በሚቀጥለው ክረምት አዲስ አበባ ሄጄ ከአንድ አዟሪ የቆዩ እትሞች ስገለብጥ አገኘሁት፤ በስድስተኛው ገጽ፣ ከማስታወቂያ ሥር፣ አራት መስመር ነው። «ስለ አማኑኤል ማዳበሪያ ባወጣነው ዜና ላይ መጠነኛ ማስተካከያ ማድረግ አስፈላጊ ሆኖ ስላገኘነው» ብሎ ይጀምራል። የሰውየው ስም በእርማቱ ውስጥ የለም። ሲያዋርዷቸው ከነአባታቸው ጠሯቸው፤ ሲያነጿቸው ስማቸው ጠፋባቸው። የዚያ እትም አንድም ቅጂ አማኑኤል አልደረሰም።

ቆርጬ ደብተሬ ውስጥ አኖርኩት። ለሰውየው ወስጄ ያሳየኋቸው ከ11 ዓመት በኋላ ነው። 11 ዓመት! ማኬንዚን በ23 ዓመቱ የምወቅስ ሰው የራሴን ቆጠራ መደበቅ አልችልም። ቤታቸው ሄጄ «ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ወረቀቷን ተቀብለው አገላበጧት፤ ማንበብ ስለማይችሉ መልሰው ሰጡኝና አነበብኩላቸው።

«መቼ ነው የወጣው ይኸ?» አሉኝ።

«በ1990 ነው፤ በጥቅምት።»

«መምህር፣ ያኛው በአውቶቡስ ነው የመጣው። ይኸኛው በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው?»

አልተቆጡም። ጠላ ቀዱልኝ። ይህ ከቁጣ የከፋ ነበር።

* * *

እንግዲህ የምሟገትበት ነገር ይህ ነው። በለንደንም በአዲስ አበባም፣ በነፃነትም በእስርም፣ ሐሰቱ በአውቶቡስ ይሄዳል፤ እርማቱ በእግሩ ይሄዳል። ባለጠበቃ ዘፋኝ ከሆንክ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ይደርስሃል። ባለሥልጣን ከሆንክ አዘጋጁ ራሱ በካቴና ታስሮ ይመጣልሃል። መጋዘን ጠባቂ ከሆንክ ግን አይደርስህም። ነፃነት ብቻውን ይህን አላስተካከለም፤ እስር ደግሞ ጭራሽ አባሰው። የጋዜጣ አዘጋጅ የሚፈተነው ባለሥልጣንን በመድፈሩ ብቻ አይደለም፤ ሊጎዳው ከማይችለው ሰው ፊት ቆሞ «ተሳስቻለሁ» በማለቱ ነው። ይህን ፈተና ያለፈ አዘጋጅ በጣት ይቆጠራል።

እዚህ ላይ «ለብዙኃን መጻፍ ራሱ ነው ጠንቁ፤ የተማረ ሰው ያዘጋጀው ጨዋ ጋዜጣ እንዲህ አያደርግም» የሚሉ ምሁራን ይነሡብኛል። የማኬንዚን ትምህርት አስቀድሜ ያነሣሁት ለዚህ ነው። ቁልቢ የተወለደው ጳውሎስ ኞኞም ከአራተኛ ክፍል ያልዘለለ ትምህርት ነበረው። በአዲስ ዘመን ላይ «አንድ ጥያቄ አለኝ» የሚለውን ዓምድ ይዞ ገበሬው፣ ወታደሩ፣ ተማሪው፣ የቤት እመቤቷ የጻፉትን ጥያቄ ከነስማቸው እያተመ መልሱን ከሥሩ ይሰጥ ነበር። መልሱ ያስቅ ነበር፤ አንዳንዴም ይቆነጥጥ ነበር። እሱም እንደ ማኬንዚ ተራውን ሰው የሚያስነብብ ሰው ነበር። ከመንግሥት ጋዜጣ፣ ከሳንሱር ሥር እንደ ሠራ አልክድም፤ መልአክ ላደርገው አልነሣሁም። ነገር ግን የሥራው አሠራር ሌላ ነበር። ጠያቂው ስም አለው፣ አገር አለው፣ ነገ ተመልሶ ሊጽፍ ይችላል። ጳውሎስ በየሳምንቱ ከአንባቢው ጋር ፊት ለፊት ይገናኝ ነበር። ማኬንዚ ከሊቨርፑል እናቶች ጋር አልተገናኘም፤ የእኔን ደብዳቤ ያተመው አዘጋጅም ከመጋዘን ጠባቂው ጋር አልተገናኘም። እንግዲህ ጥፋቱ ለተራው ሰው መጻፍ አይደለም፤ ስለ ተራው ሰው ጽፎ ፊቱን አለማየት ነው።

«ይህ ሁሉ ያለፈ ዘመን ታሪክ ነው፤ ጋዜጣው ራሱ ጠፍቷል» የሚል ሰውም አይጠፋም። ወረቀቱ ቀነሰ እንጂ አዘጋጁ የትም አልሄደም። ዩቲዩብ ላይ ተቀምጦ «ሰበር ዜና» ይላል፤ የሰው ፎቶግራፍ ላይ ቀይ ክብ ያሰምራል፤ የጥያቄ ምልክቷም አብራው ተሰዳለች። በእነዚህ በቅርብ ዓመታት በአገራችን «እገሌ እንዲህ አደረገ» የሚል ሐሰት ሰው ሲያስገድል ዐይተናል። ያ ሐሰት አውቶቡስ እንኳ አይጠብቅም። እርማቱስ? «ቪዲዮው ተነሥቷል» የሚል ጥቁር ሰሌዳ ብቻ ነው። ከአራት መስመር ወደ ምንም ወረድን ማለት ነው።

ሕግ ያድነናል ለሚሉም አንድ ቃል አለኝ። የ2000 ዓ.ም. የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ስሙ የተነሣበት ሰው መልስ የመስጠት መብት እንዳለው ጽፏል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ደግሞ ስም ማጥፋትን ከወንጀልነት አውጥቶታል፤ ይህን እኔ እደግፈዋለሁ፤ ለስም ማጥፋት ወህኒ መድኃኒት እንዳልሆነ ከላይ ተናግሬአለሁና። ነገር ግን ማንበብ የማይችል መጋዘን ጠባቂ መብቱን ይዞ አዲስ አበባ ድረስ የሚሄደው በምንድን ነው? እሱም በእግሩ ነው።

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ሐሰቱ በፊት ገጽ ከወጣ እርማቱም በፊት ገጽ ይውጣ። ሐሰቱ ሰውየውን ከነአባቱ ከጠራ እርማቱም ከነአባቱ ይጥራው። ሐሰቱ በወጣበት ፊደል መጠን ይጻፍ። ይህን የማያደርግ ጋዜጣም ይሁን ጣቢያ ምንም ያህል ጀግና ቢሆን፣ ምንም ያህል ቢታሰር፣ አንባቢ ሳንቲሙን ኪሱ ውስጥ ያስቀር። የሊቨርፑል ሰዎች ይህን ያደረጉት ማንም ሳያዛቸው ነው። እኛ ስንት ጊዜ «ያ ነገር ምን ደረሰ?» ብለን ጠየቅን? በጸጉር ቤቱ ውስጥ ያንን ዜና ከሰሙት መካከል «እርማት ወጥቶ ይሆን?» ያለ አንድ ሰው አልነበረም። እኔም ጭምር፣ የማውቀው እኔም ጭምር፣ አፌን ዘግቼ ጸጉሬን ተላጨሁ።

መጋዘን ጠባቂው ከጥቂት ዓመታት በፊት አርፈዋል። ልጃቸው አለች፤ ዘግይታም ቢሆን አግብታ የልጆች እናት ሆናለች። ይህ መጽሔት አማኑኤል ሲደርስ አንዱን ቅጂ ለእሷ አደርሳለሁ። ሌላውን ደግሞ ወደዚያው ጸጉር ቤት ይዤ እገባለሁ፤ ዛሬ የሚሠራበት የያኔው ሰው ልጅ ነው። ጮክ ብዬ አነበዋለሁ፤ የዚያን ጊዜ ሰሚዎች ጥቂቶቹ በሕይወት አሉ።

ለመጽሔቱ አዘጋጅም አንድ ልመና አለኝ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ስለ ማንም ቢሆን የተሳሳትኩት ነገር ካለና የሚያርመኝ ሰው ከጻፈልዎት፣ እባክዎን እዚሁ ገጽ ላይ፣ በዚሁ የፊደል መጠን፣ ስሜን ጠርተው ያትሙብኝ።

ከአማኑኤል፣ ጎጃም